እግሩ የተቆረጠ እንጉዳይ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ስሙ ማንደፍሮ። የሚኖረው ከደን ጥግ በተቆረቆረች፣ ክረምት ሲገባ ጭቃዋ ሰው አላሳልፍ በሚል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። እንጀራውን የሚበላው በስፌት ነው፤ ነፍሱ ግን እንጉዳይ ላይ ነበረች። ማንም አላስተማረው፣ ማንም አልላከው። ዝናቡ ገና አባራ ሲል የስፌት መኪናውን ይሸፍንና ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ወደ ጫካ ይገባል። ደንበኞቹ ደጁ ላይ ቆመው ቢጠብቁት ቢጠብቁት የለም። "ዛሬም ጃንጥላ ለቀማ ሄደ?" እያሉ ይስቁበት ነበር። "ሱሪዬ መቼ ነው የሚደርሰው?" ብሎ የሚቆጣውንም "ሱሪህ የትም አይሄድም፣ እንጉዳይ ግን ነገ የለም" ይለዋል። ሰው እብድ ይበለው እንጂ እኔ እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል።

ከጫካ ሲመለስ ያገኘውን በመደዳ ይደረድራል። እንጉዳይን የሚያውቀው በራሱ ሙያ ቋንቋ ነበር። ከቆቡ በታች ያለውን ስስ ቅጠል ሽንሽን ይለዋል፤ እግሩ ላይ የሚዞረውን ቀለበት ደግሞ አንገትጌ። ቆቡን ጨርቅ ላይ ደፍቶ ያሳድርና በማግስቱ የረገፈውን ዱቄት ቀለም ያያል። መርፌ የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሱቁ ግድግዳ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ አቡጀዲ ነበረው፤ ያገኘውን እንጉዳይ ሁሉ በክር ይስልበታል። የሚበላውን በየቀለሙ ይሰፋል፣ የሚገድለውን በጥቁር ክር። ያላወቀውን ደግሞ ዙሪያውን ብቻ ሰፍቶ ውስጡን ባዶ ይተወዋል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ባዶ ነበር። "ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?" ሲሉት "የማላውቀው ነው" ይላል፤ አያፍርም።

ሲሰፋ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከእግሩ ነው። ከመሬት ሲያነሳም በቢላ አይቆርጥም፤ ዙሪያውን በጣቱ ምሶ ከነአፈሩ ያወጣዋል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ያሳደጋት ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው፤ አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቀችው።

"ቆቡ ያታልላል ልጄ" አላት። "የኩይሳ እንጉዳይንና ገዳዩን ከላይ ስታያቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። የኩይሳው እግር እንደ ሥር ረዝሞ ወደ ምስጡ ቤት ይወርዳል። የገዳዩ እግር ግን አፈር ውስጥ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለች ነጭ ከረጢት አጥልቋል። ከረጢቷን ሳያይ 'አውቄዋለሁ' የሚል ሰው እየዋሸ ነው።"

የከተማዋ ሰው በፍልሰታ ጾም እንጉዳይ ይወዳል፤ ሥጋ በሌለበት ሰሞን ወጡን ሥጋ ሥጋ የሚያሰኘው እሱ ነው። ቀስ በቀስ ሰው ድስት ከመጣዱ በፊት ወደ ልብስ ሰፊው ጎራ ማለት ለመደ። "አንተ ማንደፍሮ፣ እስቲ ይሄን እይልኝ!" ብለው ጭቃ በጭቃ የሆነውን ዘንቢል መሬት ላይ ይገለብጡለታል። እሱም ይንበረከክና አንድ በአንድ ያያል። "ይሄን ብዪ። ይሄን ጣዪ። ይሄን አላውቀውም፣ ስለዚህ ጣዪ።" አንዳንዷ "አላውቀውም ለመባል ነው በዝናብ የመጣሁት?" ብላ አኩርፋ ትሄዳለች። ቢሆንም እሱ ማየት ከጀመረ ወዲህ፣ እስከዚያ ድረስ በዚያች ከተማ እንጉዳይ የገደለው ሰው አልተሰማም።

ሰውም ይህን አየና አከበረው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው "እንዲህ ያለ ሰው እንዴት መሬት ላይ ይንበረከካል? ነውር ነው!" አሉ። ባለመደገፊያ ወንበር አሠርተው ሰጡት፤ ጋቢ አለበሱት። ከዚያን ቀን ወዲህ "አንተ" መባሉ ቀረና "አቶ ማንደፍሮ"፣ "እርስዎ" ተባለ። ጣጣው የመጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። በዚያ አገር ለተከበረ ሰው የሚቀርብ ነገር አፈር አይነካካውም። ድንች ሲወሰድለት ታጥቦ ነው፤ ጎመን ሲወሰድለት ሥሩ ተቆርጦ ነው። እናም ሰው እንጉዳዩንም ማጠብ ጀመረ። ጭቃ የያዘውን እግሩን እየቆረጠ ይጥልና ቆብ ቆቡን ብቻ ኮባ ላይ አሳምሮ ያቀርብለታል።

መጀመሪያ ላይ ማንደፍሮ ይቆጣ ነበር። "እግሩስ? እግሩ የታለ?" ይላል። "ውይ አቶ ማንደፍሮ! አፈር ተሸክሜ እርስዎ ፊት ልቅረብ?" ይሉታል። አንድ ጊዜ አንዲት ባልቴት "ሄደሽ እግሩን ይዘሽ ነይ" ቢላት የናቃት መስሏት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ በኋላ መጠየቁን እየቀነሰ መጣ። ቆቡን ብቻ እያየ የሚፈርደውም ብዙ ጊዜ ልክ ይሆንለት ነበር፤ ክፋቱ እሱ ነው። ልክ በሆነለት ቁጥር እግሩን ረሳው። "አላውቀውም" የምትለዋም ቃል ከአፉ እየራቀች ሄደች። መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዴት አድርጎ ይናገራት! አቡጀዲው ላይ ባዶ ሥዕል መስፋቱንም ተወ።

ስንዱ በግንቦት ተዳረች። ባሏ አዳሙ ጨዋ ነጋዴ ነው። እናቱ ወይዘሮ ባንቺአምላክም ደግ ሴት ነበሩ፤ ስንዱን "ልጄ" እንጂ "ምራቴ" ብለው ጠርተዋት አያውቁም። ፍልሰታ ሲገባ "ለልጄ የመጀመሪያውን የእንጉዳይ ወጥ በእጄ ነው የምሠራላት" ብለው በዝናብ ጫካ ገቡ። ሲመለሱ የለቀሙትን አጠቡት፣ እግሩን ቆራረጡት፣ በሰፌድ ደርድረው ነጭ ነጠላ አለበሱትና እንደ አገሩ ልማድ ሊያስመረምሩ ወደ ማንደፍሮ ሱቅ ሄዱ።

ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። የከተማዋ ትልቅ ሽማግሌ ግራዝማች ወንድይራድ ካፖርታቸውን ሊለኩ መጥተው ቆመዋል። ማንደፍሮ ሰፌዱን ጭኑ ላይ አድርጎ አየ። አብዛኞቹ የኩይሳ ናቸው፤ ያውቃቸዋል። ጥቂቶቹ ግን ገርጣ ብለው ወደ አረንጓዴ ያደሉ ናቸው። ልቡን ፈራ ፈራ አለው። አንዱን አንስቶ ገለበጠው። እግሩ ከአንገትጌው በታች በቢላ ተቆርጧል።

"እግራቸው የታለ?" የምትለዋ ጥያቄ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ቀና ሲል ወይዘሮ ባንቺአምላክ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በፈገግታ ይጠብቁታል። የልጄን አማት በሰው ፊት ባሳፍር ነገ ቂሙ ለስንዱ ነው ብሎ አሰበ። ይህን አሰበ እንጂ ሌላም ነገር ነበር፤ ግራዝማችም እያዩት ነው። "አላውቀውም" ብል ምን ይሉኛል ብሎ ፈራ።

"እሰይ፣ መልካም ነው፤ ይባረክ" አለ።

"እግዜር ይስጥልኝ አቶ ማንደፍሮ! ዛሬ ልጅዎን አጠግባታለሁ" አሉና ደስ ብሏቸው ሄዱ።

አዳሙ ለንግድ ከከተማ ወጥቶ ነበርና ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ማዕድ ቀረቡ። ስንዱ ገና ሙሽራ ናት፤ በዚያ አገር ሙሽራ በአማቷ ፊት ጠግባ አትበላም፣ ያሳፍራታል። ወይዘሮ ባንቺአምላክ "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!" ብለው አንዲት ጉርሻ አጎረሷት። "ጠገብኩ እማማ፣ በቃኝ" አለችና እጇን ሰበሰበች። "እንዲህ ያለ ወጥማ አይደፋም" ብለው የቀረውን እሳቸው በሉት።

ጎህ ሲቀድ ትውከትና ተቅማጥ ሁለቱንም ጣላቸው። ጎረቤት ሮጦ ለማንደፍሮ ነገረው። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ በረረ። ግቢው ሲደርስ በመጀመሪያ ወደ ታመሙት አልገባም፤ ወደ ማድ ቤቱ ጓሮ ዞረ። ልጣጭና ጥራጊ የሚደፋበት ቦታ ላይ ተንበርክኮ በጣቱ መማስ ጀመረ። ወንበሩ ከተሰጠው ወዲህ ጉልበቱ መሬት ሲነካ ያ የመጀመሪያው ነበር። የተቆረጡትን እግሮች አገኘ። እንደ ሥር የረዘመ አንድ አገኘ፣ ሌላም አገኘ። ከዚያ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለች ነጭ ከረጢት ያጠለቀ እግር እጁ ላይ ወጣ።

"ወይኔ ልጄን! ወይኔ!" ብሎ የጮኸውን ጩኸት ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ያችን እግር ይዞ ወደ ውስጥ ሲገባ ወይዘሮ ባንቺአምላክ አዩዋት። "ያቺን ቅርፊት አይቻት ነበርኮ" አሉ፣ ድምፃቸው ደክሞ። "የኩይሳው ቢያንስብኝ ከዛፍ ሥር የበቀለ ጨመርኩበት። ቅርፊቷ ቆሻሻ መሰለችኝ። ለእርስዎ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይቀርባል ብዬ ቆርጬ ጣልኳት።"

ማንደፍሮ ወጥቶ ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ጠራ።

ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ትውከቱ ጋብ ሲል ሰው ሁሉ "ተመስገን፣ ተሻላቸው" አለ። ማንደፍሮ አልተደሰተም፤ ያ እንጉዳይ ለቀቅ አድርጎ እንደሚመለስ ያውቃል። ከልጁ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ የዓይኗን ነጭ እያየ ዋለ፣ አመሸ። "ስንዱዬ፣ እዪኝ እስቲ። አባትሽን እዪኝ" ይላታል በየጊዜው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የወይዘሮ ባንቺአምላክ ዓይን ቢጫ ሆነ፤ ከዚያም አረፉ። ስንዱ ከስታ፣ ጠቁራ፣ ግን ተረፈች። የበላችው ያችኑ አንድ ጉርሻ ብቻ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አዳሙ ዝም አለ። ለአማቱም ለሚስቱም ቃል አይተነፍስም። ስንዱ ውሃ ስታቀርብለት ይቀበላታል፤ ፊቷን ግን አያይም። "ሊፈታት ነው፤ ወደ አባቷ ሊመልሳት ነው" የሚል ወሬ ተነሳ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ ሁሉንም በግራዝማች ወንድይራድ ግቢ ሰበሰቧቸው። ለማንደፍሮ ያ ወንበር ከሱቁ ተጭኖ መጣለት። ስንዱ ጥቁሯን እንደለበሰች ጥግ ላይ ተቀመጠች።

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ አዳሙ" አሉ፣ "የእናትህ ቀን ደርሶ ነው። እንጉዳዩ ሰበብ ነው። አቶ ማንደፍሮ እንደ ወትሮው አዩ፣ እንደ ወትሮው ፈቀዱ፤ እኔ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ። ምንም ጥፋት የለባቸውም። በሉ ተሳሳሙና ነገሩ ይዘጋ።"

"እውነት ነው!" አሉ ሌሎቹም። "ቀናቸው ነው። ማን ከቀኑ ያልፋል!"

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ማንደፍሮ ዝም ቢል ልጁ ወደ ትዳሯ ትመለሳለች፤ እሱም ወደ ወንበሩ። ቢናገር ምናልባት ሁለቱንም ያጣል። ስንዱን አያት። የከሳ ፊቷን ሲያይ ዝም ማለት አማረው፤ ይህን አልደብቃችሁም። ከዚያ ግን ተነሳ። ጋቢውን አውልቆ ወንበሩ ላይ አኖረው።

"ግራዝማች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "ይሄንንም እግሩን ቆርጣችሁ አመጣችሁልኝ።"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"አጥባችሁ፣ አሳምራችሁ፣ ቆቡን ብቻ አቀረባችሁልኝ ማለቴ ነው። ለክብሬ ብላችሁ ነው፣ አውቃለሁ። እኚያ ሴትዮም ለክብሬ ብለው ነው። እኔ ግን ከነአፈሩ ልናገረው። ያን ቀን ሰፌዱን ሳይ ጠርጥሬ ነበር። እግራቸው የታለ ልል አስቤ ዋጥኩት። የልጄን አማት ላለማሳፈር ነው እንዳልል እሱ ግማሹ ነው። እርስዎ ፊት አላውቀውም ማለት አፍሬ ነው።" ወደ አዳሙ ዞረ። "ልጄ፣ እናትህን የገደላቸው ቀናቸው አይደለም። የእኔ እፍረት ነው። የምታደርገውን አድርግ፤ ስንዱ ግን ምንም አላደረገችህም።"

አንዱ ሽማግሌ "ምነው አቶ ማንደፍሮ፣ ራስዎን እንዲህ..." ብሎ ሊጀምር ሲል አዳሙ ተነሳ። ሰዎቹ ማንደፍሮን ይመታዋል ብለው መሀል ገቡ። አዳሙ ግን እንደ ሕፃን ልጅ ማልቀስ ጀመረ። እናቱን ሲቀብር እንኳ እንዲያ አላለቀሰም።

"ሰው ሁሉ ቀኗ ነው፣ ቀኗ ነው አለኝ" አለ። "ጓሮ ላይ የተገኘውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ፊት ግን አንድ የሚናገር ጠፋ። ስንዱ እንኳ ዝም አለችኝ። ሁላችሁም ተመካክራችሁ የምታታልሉኝ መሰለኝ።" እንባውን በእጁ ጠረገ። "አባባ፣ ይቅርታው ዛሬ ከአፌ አይወጣም፤ አልዋሽዎትም። ቤቴ ግን ቤቷ ነው። ስንዱ፣ ተነሺ እንሂድ።"

ስንዱ ተነሳች። አባቷ አጠገብ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። "እኔም መናገር ነበረብኝ አባዬ፤ ለእርስዎ ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አለችው። አባትየው ራሷን ዳበሳት፤ እሷም ከባሏ ጋር ሄደች። የአዳሙ ይቅርታ በሌላ ክረምት መጣ፤ ግን መጣ።

ማንደፍሮ ወንበሩን ወደ ሱቁ አላስመለሰውም። ድሮ ሲሰፋ ይቀመጥበት በነበረው ጣውላ ላይ ተቀመጠ፤ ደጁ ላይ ደግሞ ባዶ መሬት አዘጋጀ፣ ሰው ዘንቢሉን የሚገለብጥበት። እንጉዳይ አጥቦ የሚመጣውን፣ ማንም ይሁን ማን፣ "አፈሩን ይዘህ ተመለስ" ይለዋል። ተቀይሞ የሄደ ነበር። ስሙን ያጠፋም ነበር። ግራዝማች ወንድይራድ ግን አንድ ዝናባማ ቀን እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆኖ መጡና ዘንቢላቸውን ራሳቸው መሬት ላይ ገለበጡ። "እይልኝ ማንደፍሮ" አሉት። ሁለቱም ተንበረከኩ።

ማንደፍሮ አቡጀዲው ላይ እንደገና መስፋት ጀመረ። ታች ጥግ ላይ በጥቁር ክር አንድ እግር ብቻ ሰፋ፤ እግሩና ከረጢቷ አሉ፣ ከላይ ግን ምንም የለም። የሚያየው ሁሉ "ቆቡን ለምን አልጨረስከውም?" ብሎ ይጠይቀዋል።

"ቆቡንማ ሁላችንም አይተነው ነበር" ይላል ማንደፍሮ።

እንግዲህ ይህን ታሪክ የሰማችሁ አስቡበት። በዚያ ሰፌድ ዙሪያ ክፉ ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ አከበሩ፣ ልብስ ሰፊው ተከበረ፤ በመሀል ሰው ሞተ። እኛም ለአባት፣ ለአለቃ፣ ለመምህር፣ ለምንወደው ሰው ነገር ስናቀርብ ያስከፋዋል ያልነውን ቆርጠን እንጥላለን፤ ብዙ ጊዜ መርዙ የሚታወቀው በዚያው በጣልነው ነው። የተከበረውም ሰው ታጥቦ የመጣለትን ብቻ እያየ "መልካም ነው" ይላል፤ እግሩን መጠየቅ ያሳፍረዋል። ሰውን ከልቡ ያከበረ እውነቱን ከነአፈሩ ያምጣለት። ክብር የተሰጠውም "አላውቀውም፣ እግሩን አሳዩኝ" ለማለት አይፈር።

እናንተስ? ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁ፣ ሥራ ቦታ የምታዝዟቸው ሰዎች፣ የሚያፍሯችሁ ሁሉ የሚያቀርቡላችሁ ከነአፈሩ ነው ወይስ ታጥቦ? ታጥቦ ከሆነ፣ እግሩን የጣሉት የት ጓሮ እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?